ኦቦ ጉተማና ጥጋበኛው ጌጅ

በዚህ አገር የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቀረ ሰው የለም። ከተማ ይሁን ገጠር፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ኮፈኑ ገና ከመነሳቱ አንድ ሰው ከጀርባ ይቆማል። እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፤ አንገቱን ሰገግ ያደርጋል፤ ከዚያ "ቤንዚን አይሳብም መሰለኝ" ይላል። ማን ጠራው? ማንም። ከየት መጣ? አይታወቅም። መካኒክ ነው እንዳይባል፣ መካኒክ መሬት ላይ ተንጋሎ ይሠራል፤ ይሄኛው ቆሞ ያውቃል። ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ፣ ከአምቦ እስከ እንጭኒ፣ መብራት ያልገባበት ከተማ ይገኝ ይሆናል፤ እንዲህ ዓይነት አማካሪ ያልገባበት ግን የለም።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ፣ ሊቀ ጠበብት ብንላቸው የማይበዛባቸው፣ የአምቦው ኦቦ ጉተማ ናቸው። ኦቦ ጉተማ ዕድሜያቸውን የፈጁት በመንገድ ሥራ ግምጃ ቤት ዕቃ ሲያወጡና ሲያስገቡ ነው። የትራክተሩም፣ የገልባጩም፣ የጄኔሬተሩም መለዋወጫ በእሳቸው መስኮት አልፏል። ስሙን ያውቃሉ፤ የተቀመጠበትን መደርደሪያ ያውቃሉ፤ የካርቶኑን ቀለም ሳይቀር ያስታውሳሉ። አንዱንም ገጥመው አያውቁም። ይህን ግን እንደ ጉድለት ቆጥረውት አያውቁም። የማንኛውም ዕቃ ስም በተነሳ ቁጥር ደረታቸውን ነፋ አድርገው "እጄ ላይ ያደገ ዕቃ ነው!" ይላሉ። ካርቡሬተርም፣ የወፍጮ ቀበቶም፣ የግድግዳ ሰዓትም እጃቸው ላይ አድጓል። ሰባት ልጅ ያሳደገች እናት እንኳ የእሳቸውን ያህል አትደክምም።

"ሙያ በልብ ነው" የሚለውን ተረት አይወዱትም። በልብ ከሆነ ማን ያየዋል ባይ ናቸው።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ አዲስ ዓለም ላይ ቀጥ አለ። ሹፌሩ ከሥር ገብቶ ሲፍጨረጨር ኦቦ ጉተማ ከላይ ሆነው "ኢንጀክተሩ ነው! እጄ ላይ ያደገ ዕቃ ነው፣ አውቀዋለሁ!" እያሉ አገሩን ሞሉት። ኢንጀክተሩ ተፈታ፣ ተጠረገ፣ ተገጠመ። በመጨረሻ ለካ ናፍጣው አልቆ ኖሯል። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ኦቦ ጉተማ ግን ቅንጣት ሳያፍሩ "አላልኩም? ኢንጀክተር ናፍጣ ሲያጣ እንዲህ ነው የሚያደርገው" አሉና ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

ከእንጭኒ ገበያም ያረገዘች ናት ብለው ጊደር ገዝተው ነበር። ጥርሷን አይተው፣ ሆዷን መትተው፣ ጆሮዋን አሽተው ነው የገዙት። ወሩ ገፋ፣ ዓመቱ ዞረ፣ ጊደሪቱ ምንም የለችም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው "ጨዋ ጊደር ናት፤ አትቸኩልም" አሉ።

ልጃቸውን ጊፍቲን ለሐሮ ወንጪው ጀቤሳ የዳሩ ዕለት ደግሞ፣ የሠርጉ ጄኔሬተር ድምፁ ሻከረብኝ ብለው አንዲት ብሎን ዞር አደረጉ። ብሎኗ ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ድንኳኑ ድርግም አለ። ሽማግሎቹ ሙሽሮቹን በጨለማ መረቁ፤ አንዱ ሽማግሌማ ጀቤሳ መስሏቸው ሚዜውን ብዙ ልጆች ይስጥህ ብለው ጨረሱ። ኦቦ ጉተማ በጨለማው ውስጥ ሆነው "ምርቃት በጨለማ ሲሆን ይያዛል" ሲሉ ተሰሙ።

ጀቤሳ እንግዲህ የወረሰው አማት ይህ ነው። በእሱ አገር ደግሞ አማት ቀልድ አይደለም። አማች በአማቱ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እግሩን አያነባብርም፤ አማቱ ያመጣውን ነገር ሰው ፊት አገላብጦ አይመረምርም። "ተሳስተዋል" የሚለው ቃልማ ከአማች አፍ ቢወጣ መንደሩ ለሳምንት የሚያወራው ያገኛል። ስለዚህ ጀቤሳ ለኦቦ ጉተማ የሚመልሰው ያው "እሺ" ነው፣ በእነሱ ቋንቋ "ቶሌ"። ጊፍቲ ባሏን ስታሾፍበት "አባዬ ሐይቁ ሽቅብ ይፈሳል ቢልህ ቶሌ ትላለህ" ትለዋለች።

ጀቤሳ የአስጎብኚዎቹን ማኅበር ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ነው። በወንጪ ሐይቅ ላይ ቱሪስት ያዞራል፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ገበሬ ያሻግራል፣ ለጥር ቂርቆስ ደግሞ ምእመኑን ወደ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ያመላልሳል። ከዚያ በፊት ፈረስ ያከራይ ነበር። በአቧራና በጭቃ፣ ሽቅብና ቁልቁል፣ የእንግዳውን ፈረስ ልጓም ይዞ በእግሩ መውጣትና መውረድ ነበር ሥራው። ጀልባዋን ካገኘ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳና ውሃው ከሥሩ መሸሽ ሲጀምር ደስ ይለዋል፤ ደስታውን መደበቅም አይችልበት። "ከእኔ በላይ ትወዳታለህ" ትለው ነበር ጊፍቲ። ይህን ሲሰማ ቶሌ አይልም።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ የጀልባዋ የነዳጅ ጌጅ ታመመ። ታመመ ከማለት ጠገበ ማለት ይሻላል። ቤንዚን ኖረም አልኖረም ቀስቱ "ኤፍ" ከሚለው ፊደል፣ ማለትም ከሙሉው ጫፍ፣ ንቅንቅ አይልም። እንጨት ሰዶ እንዳይለካ ሰልባትዮው፣ ማለትም የቤንዚኑ ጋን፣ ከወለሉ ሥር ተቀብሯል፤ የመሙያው ቱቦም ጠማማ ነው። ሁልጊዜ ጢም አድርጎ እንዳይሞላ ቤንዚኑ ከአምቦ በጀሪካን መጥቶ ገደሉን በፈረስ ጀርባ የሚወርድ ነው፤ አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ የለም። ትርፍ ጀሪካን ጀልባዋ ላይ እንዳይጭን ደግሞ የማኅበሩ ሊቀመንበር አዴ ዱሬቲ ከልክላለች። "ጧፍ ከያዘ ሰው ጎን ቤንዚን? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!" ብላ።

የፈሩት አልቀረም፤ ኅዳር ላይ ጀልባዋ እንግዶች እንደጫነች መሀል ሐይቅ ላይ ጸጥ አለች። ጌጁ ሙሉ ነኝ ይላል። ሞቱማ የሚባለው ባለታንኳ፣ ከግንድ በተፈለፈለች ታንኳው፣ ያቺን የመሰለች ሞተር ጀልባ በገመድ አስሮ እየቀዘፈ ጎተታት። ዝም ብሎ ቢጎትት ደግ ነበር፤ እየዘፈነ ነው የጎተታት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀቤሳን ባገኘው ቁጥር ሰላምታው "አይዞህ፣ ገመድ ይዣለሁ" ሆነ።

አዴ ዱሬቲ ግን አልሳቀችም። ጀቤሳን ጠርታ "እንግዶቹ ፊት ተዋርደናል። እስከ ጥር ቂርቆስ ታግሼሃለሁ" አለችው። "ከእንግዲህ ሰው ጭነህ አንድ ጊዜ ብትቆም ሞተሩ ተፈትቶ መጋዘን ይገባል፤ አንተም ወደ ፈረስህ ትመለሳለህ።" አዴ ዱሬቲ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ጀቤሳም ይህን ያውቃል።

ደህና ሐሳብ ግን ነበረው። በሰልባትዮው ውስጥ በክንድ ላይ የተተከለች ትንሽ ኳስ አለች፤ ቤንዚኑ ላይ ትንሳፈፋለች፤ ቤንዚኑ ሲወርድ ትወርዳለች፣ ክንዱም የወረደበትን ልክ በሽቦ ለጌጁ ይነግረዋል። የተበላሸው ይህ ተንሳፋፊ ነው። አሮጌውን ፈትቶ፣ አዲስ አበባ ወስዶ፣ መንትያውን ለመግዛት አሰበ። ሐሳቡን ለጊፍቲ ነገራት። ጊፍቲ በስልክ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ አጠገብ ማን እንደተቀመጠ መናገር አያስፈልግም።

የቂርቆስ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጉተማ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ቁልቁለቱን በፈረስ ወረዱ።

"አካም ጀቤሳ! አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት ምንድነው፣ እኔ እያለሁ? ይኸው ተንሳፋፊው!"

"አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አሮጌው ገና አልተፈታም... ዓይነቱን ሳናይ..."

"ምኑን ነው የማየው? እጄ ላይ ያደገ ዕቃ ነው!"

"ቶሌ አባባ።"

ሥራው ተጀመረ። ኦቦ ጉተማ ከውሃው ራቅ ያለ ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ። ሐይቁ ዳር ስንት ዓመት ሲመላለሱ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ሁልጊዜ ምክንያት አላቸው፤ አንድ ቀን ጉልበታቸው፣ አንድ ቀን ነፋሱ፣ አንድ ቀን አዲሱ ጫማቸው። "ውሃ ከሩቅ ነው የሚታወቀው" ይላሉ።

ጀቤሳ የባትሪውን ሽቦ ነቀለ፤ የወለሉን ጣውላ አነሳ፤ ክቡን ክዳን ብሎን በብሎን ፈታ። አሮጌው ተንሳፋፊ ሲወጣ ክንዱ ዝጎ ተጣብቋል፤ መልስ እንደሚያውቅ ተማሪ ሽቅብ እንደተነሳ ደርቋል። የአዲሱ ክንድ ረዘም ይላል። ጀቤሳ የሰልባትዮውን ጥልቀት በሸምበቆ ለክቶ ክንዱን በፒንሳ አጠፍ አደረገው። ከድንጋዩ ላይ ምክር ይዘንባል።

"ጓርኒሲዮኑን ተወው! ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጠህ አድርግበት፣ ያ ነው ዕድሜ ያለው!"

"ቶሌ አባባ" አለ ጀቤሳ። ጎማን ቤንዚን እንደሚበላው ስለሚያውቅ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከዕቃው ጋር የመጣውን የክዳን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን አስገባ። አማትን መታዘዝም መንገድ መንገድ አለው።

አንድ ነገር ግን ቀረው። ሳያስረው በፊት ሽቦውን አገናኝቶ፣ ክንዱን በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ቀስቱ እንዴት እንደሚሄድ ሊያይ ፈለገ። ልምዱ እንደዚያ ነው፤ ሳይሞክር አያስርም። ይህን ጊዜ አዴ ዱሬቲ መጥታለች፤ ሞቱማም ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል።

"ምን ታደርጋለህ?" አሉ ኦቦ ጉተማ።

"እንዲያው ልሞክረው ብዬ ነው አባባ።"

"ትሞክረዋለህ? እኔ መርጬ ያመጣሁትን?"

ሰው ሁሉ ጀቤሳን ያያል። አማቱ በፈረስ ተሸክመው ያመጡትን ስጦታ በአደባባይ ሊፈትን ነው። ፊቱ ጋለ። "ቶሌ አባባ" አለና አሰረው፤ ጣውላውን መለሰ፤ ባትሪውን አገናኘ። ከዚያ ቤንዚን ቀዱ።

ቀስቱ ተንቀሳቀሰ! ጀቤሳ ልቡ ዘለለች። ከኤፍ ተነሳ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ሰልባትዮው ጢም ሲል ቀስቱ ባዶ በሚለው "ኢ" ላይ ሄዶ ተኛ።

ሞቱማ ገመዱን ማስተካከል ጀመረ።

ኦቦ ጉተማ ከድንጋያቸው ተነስተው እስከ ውሃው ጫፍ መጡ፤ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። የዚያን ጊዜ ጀቤሳ ፊታቸው ላይ አንዳች ድንጋጤ ያየ መሰለው፤ ቶሎ ጠፋ እንጂ።

"ልክ ነው" አሉ።

"ምኑ ነው ልኩ?" አለች አዴ ዱሬቲ። "ሞልተን ባዶ ይላል!"

ኦቦ ጉተማ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩአት። "ትንሿ ቀስት የት ላይ ናት?"

"አምስት ላይ።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"ታዲያ? ቀስቱ አምስት እያለሽ አሥራ አንድ ስትዪ ማን ገደለሽ? አገሩ ሁሉ ሰዓት ገልብጦ እያነበበ ገበያውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ይደርስበታል። ይሄም በእኛ ሰዓት የሚሄድ ጌጅ ነው!"

ሞቱማ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ገመዱ ላይ ተቀመጠ። አዴ ዱሬቲም ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። "ኦቦ ጉተማ፣ ነገ ጀልባዋ መሀል ላይ ከቆመች ሰዓትዎን አብሬ ነው መጋዘን የማስገባው" ብላ ሄደች።

ማታ ጀቤሳ አምቦ ላለ ኤሌክትሪክ ሠሪ ደወለ። ተንሳፋፊ ሁለት ዓይነት ነው አለው ሰውየው፤ ሲሞላ ለጌጁ የሚልከው ቁጥር የሚጨምርና ሲሞላ የሚቀንስ። ከጌጁ ዓይነት ጋር ካልገጠመ ግልብጥ ነው የሚያነበው፤ ሽቦ ማቀያየር አይመልሰውም። መቀየር ብቻ ነው። ለነገ ደግሞ የሚቀየርበት ጊዜ የለም። ጀቤሳ ተናደደ፤ የምር ተናደደ።

"ንገረው እንጂ!" አለችው ጊፍቲ።

"ለአማቴ? አንቺ አባትሽን ለምን አትነግሪያቸውም?"

ጊፍቲ ትንሽ አሰበችና "ራት ቀርቧል" አለች።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ምእመኑ ነጠላውን ተከናንቦ ገደሉን እየወረደ፣ ጀቤሳ ጀልባዋን ሊያስነሳ ሲል ከጀርባው እግር ሰማ። ኦቦ ጉተማ ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ አዲሱን ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመዋል።

"አባባ! ማል ታኤ? ምን ሆኑ?"

"ምን እሆናለሁ? ደግፈኝ" አሉ።

ደገፋቸው። ገቡ። ጌጁ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ዓይናቸውን ቀስቱ ላይ ተከሉ። ሞተሩ ሲነሳና ጀልባዋ ስትወዛወዝ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። በዚያ ሁሉ መንገድ አንዲት ምክር አልወጣቸውም፤ የቂርቆስን ስም ብቻ በለሆሳስ ይጠራሉ። ጀቤሳ ደሴቱ ሲደርሱ "አባባ፣ እዚህ ይውረዱ፣ ይሳለሙ፣ ይረፉ" አላቸው። እንቢ አሉ። ተመለሱ። እንደገና ሄዱ። ቀኑን ሙሉ፣ ሰው ሲወጣና ሲወርድ፣ እሳቸው ከዚያች ቦታ አልተነሱም።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። አሮጊቶችና ሽማግሎች ከሥርዓቱ መጨረሻ ለመድረስ ዳር ላይ ይጋፋሉ፤ አዴ ዱሬቲ ታዋክባለች። አንገቷን ወደ ጀልባዋ አስግጋ ቀስቱን አየችና "ኤፍ ላይ ነው፣ ሙሉ ነው! ቶሎ በል፣ ነፋሱ ሳይብስ አድርሳቸው!" አለች። ከንጋት ጀምሮ ያልተቀመጠው ጀቤሳም ቀስቱን አየ፤ ኤፍ ላይ ነው። ዓይን የለመደውን ያነባል። ደስ አለው፤ እጁን ወደ ማስነሻው ሰደደ።

"ልጄ!" አሉ ኦቦ ጉተማ። "ሰዓትህን አዙር!"

ጀቤሳ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀስቱን እንደገና አየ። ኤፍ። ማለት ባዶ። ዞር ብሎ ሲያይ የጫነው ሁሉ ጉልበት የሌለው ሰው ነው፤ መሀል ላይ በዚህ ነፋስ ቢቆሙ የሞቱማ ታንኳም አትደርስላቸውም። ሰዉን አስወርዶ ቤንዚኑን ዳር ላይ ቀዳ። ሰልባትዮው ጀሪካኑን እስከ ጠብታው ጠጣው፤ ሌላም ጨመሩለት። ቀስቱ ዝቅ ብሎ ኢ ላይ ሲያርፍ ኦቦ ጉተማ "አሁን ጋሪዳ፣ ደህና ነው። ሂድ" አሉት። ሄዱ፤ ደረሱ፤ ማታም ሁሉንም በሰላም መለሱ።

አዴ ዱሬቲ ሞተሩን መጋዘን አላስገባችም። ለማኅበሩ ስብሰባ የተናገረችው "ጀልባዋ ትቀጥላለች፤ ያለ ኦቦ ጉተማ ግን ክብረ በዓል ላይ አትነሳም" ብላ ነው። ሰው ሳቀ፤ ኦቦ ጉተማ ግን ሹመት አድርገው ተቀበሉት።

ያን ዕለት ማታ ጊፍቲ አባቷን እግራቸውን ስታጥብ ጀቤሳ ውሃ ያፈስላት ነበር። የኦቦ ጉተማ መዳፍ የጀልባውን ጠርዝ ሲጨብጥ ውሎ ተልጧል። ያን ሁሉ ዕቃ ያሳደገው እጅ ማለት ነው። ጀቤሳ የትናንቱን ንዴቱን ፈልጎ አጣው። በዚያ ፈንታ የመጣበት ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍቅር ነው።

በፋሲካ ሰሞን ኦቦ ጉተማ እንደገና መጡ፤ በብብታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጀቤሳ ፈታው። ትክክለኛው ተንሳፋፊ ነው፤ ዓይነቱ ከጌጁ ጋር የሚገጥም። በአምቦ በአዲስ አበባ ስንት ሱቅ እንደዞሩ እግዜር ይወቅ። ኦቦ ጉተማ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

"ያኛው ምንም ችግር የለበትም" አሉ። "ይሄኛው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው። ለቱሪስቶቹ ይመቻቸው ብዬ ነው።"

"ቶሌ አባባ" አለ ጀቤሳ። ዕቃውን በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለና ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

"አትገጥመውም?"

"ጌጁ ራሱ በትክክል ካነበበ፣ አባባ፣ እርስዎ በምን ምክንያት ጀልባዋ ላይ ይወጡልኛል?"

ኦቦ ጉተማ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ጀቤሳ ደግፎ አስገባቸው። ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ቀስቱ ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸው እየነጣ፣ "በል አስነሳት፤ ጀልባ እንደሆነ እጄ ላይ ያደገ ዕቃ ነው" አሉ።